ለዕፅዋት አኳሪየም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሥርዓት ሲመረጥ፦ ምንጩ፣ ሬጉሌተሩና ማሟሚያው በንጽጽር

በአኳሪየም ውስጥ ዕፅዋት ማሳደግ የጀመረ ሰው በግፊት የሚሠራ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሥርዓት ለመግዛት ሲነሣ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም፤ የሚገዛው አንድ ዕቃ ሳይሆን እርስ በርሳቸው መገጣጠም ያለባቸው ሰባት ስምንት ዕቃዎች ናቸውና። ጋዙን የሚይዝ ሲሊንደር፣ ግፊቱን የሚቀንስ ሬጉሌተር፣ በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ሶሌኖይድ፣ ጋዙን በጥቂት በጥቂቱ የሚለቅ ኒድል ቫልቭ፣ አረፋ መቁጠሪያ፣ ቱቦ፣ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቼክ ቫልቭ፣ በመጨረሻም ጋዙን ከውሃው ጋር የሚያዋሕድ ማሟሚያ ያስፈልጋሉ። እያንዳንዳቸውም ሦስትና አራት ዓይነት አላቸው። የገዢው ዓይን ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በሚያምረው የመስታወት ማሟሚያና በሲሊንደሩ ትልቅነት ላይ ነው። እኔ ግን ከበጀቱ ትልቁ ድርሻ ካቢኔ ውስጥ ተደብቆ ለሚኖረው ለሬጉሌተሩ መዋል አለበት እላለሁ፤ ምክንያቱም ከታች በቦታው ይመጣል።

በቅድሚያ፣ ጋዙ ያስፈልጋል ወይ?

ከአየር ጋር ተመጣጥኖ የቆየ ውሃ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚይዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሊትር ከ1 ሚሊ ግራም በታች ነው፤ የዓሦች ትንፋሽና የሚበሰብሰው ነገር ጥቂት ይጨምሩበታል። በዚህ ላይ ጋዙ በውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጭበት ፍጥነት 10,000 ጊዜ ያህል ዘግይቶ ስለሆነ፣ ቅጠሉን ከብቦ የሚቆመው ስስ የውሃ ሽፋን ያለውን ጋዝ ቶሎ ይጨርሳል። የሥርዓቱ ዓላማ የጋዙን መጠን በሊትር ከ20 እስከ 30 ሚሊ ግራም አድርሶ መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ እዚያው ማቆየት ነው።

ይህ የሚያስፈልገው ግን መብራቱ ብርቱ ሲሆን ነው። አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርንና አብዛኞቹ ክሪፕቶኮሪኖች በደብዛዛ ብርሃን ያለ ተጨማሪ ጋዝ ለዓመታት ይኖራሉ። ወለሉን እንደ ምንጣፍ የሚሸፍኑትና ቅጠላቸው የሚቀላው ዝርያዎች ግን ብርቱ ብርሃን ይፈልጋሉ፣ ብርቱ ብርሃን ደግሞ ጋዝ ይጠይቃል። መብራት ጨምሮ ጋዝ አለመጨመር አልጌን መጋበዝ ነው፤ ስለዚህ በጀት ለጠበበበት ሰው መብራቱን መቀነስ ከማንኛውም ሲሊንደር የረከሰ መፍትሔ ነው። «ፈሳሽ ካርቦን» እየተባለ በጠርሙስ የሚሸጠው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ግሉታራልዴሃይድ የተባለ ፀረ ተሕዋስያን ኬሚካል በመሆኑ የዚህ ሥርዓት ምትክ ሊሆን አይችልም፤ ከንጽጽሩም አውጥቼዋለሁ።

መመዘኛዎቹ

አማራጮቹን የምመዝነው በአምስት ነገር ነው። አንደኛው ጋዙን ቀን ከቀን በእኩል መጠን መስጠት መቻላቸው ነው። ሁለተኛው ማታ ማታ መዘጋት መቻላቸው ነው፤ ዕፅዋት በጨለማ ጋዙን መጠቀም ትተው እንደ ዓሦቹ ኦክስጅን ስለሚወስዱ፣ ሌሊት የሚለቀቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጥቅሙ ቀርቶ ጉዳቱ ብቻ ይተርፋል። ሦስተኛው ዕቃው ሲበላሽ ወዴት እንደሚያጋድል ነው፤ ጋዝ ወደ ማነስ ነው ወይስ ወደ መብዛት? አራተኛው መልሶ የመሙላት ወጪና ሞይ (ሲሊንደር የሚሞላ ድርጅት) የማግኘት ጉዳይ ሲሆን፣ አምስተኛው የሚይዘው ቦታና የሚጠይቀው እንክብካቤ ነው።

ከአምስቱ ሦስተኛውን አስበልጣለሁ። ጋዝ ያነሰባቸው ዕፅዋት ጉዳታቸው እስኪታይ ቀናት ይፈጃል፤ ጋዝ የበዛባቸው ዓሦች ግን ባለቤቱ ለሥራ ወጥቶ እስኪመለስ ሊያልቁ ይችላሉ። ሻጮች ስለ ሌሎቹ አራት ብዙ ያወራሉ፤ ስለዚህኛው ግን ካልተጠየቁ አያነሡም።

የጋዙ ምንጭ

እርሾና ስኳር በጠርሙስ አብላልቶ ጋዝ ማውጣት ከሁሉ የረከሰው መንገድ ነው። መጠኑ ከክፍሉ ሙቀት ጋር ይወጣል ይወርዳል፣ አልኮሉ ሲበዛ እርሾው ይደክማል፣ ማታም አይዘጋም። ማሟሚያው ከተደፈነ ጠርሙሱ ያብጣል። ለትንሽ ገንዳ፣ ለመሞከሪያ ያህል ይሆናል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አይጠበቅበትም።

ሲትሪክ አሲድና ቤኪንግ ሶዳ የሚጠቀመው ዘዴ ከዚህ በብዙ ይሻላል። 192 ግራም ሲትሪክ አሲድ 252 ግራም ቤኪንግ ሶዳ አግኝቶ ሙሉ በሙሉ ቢዋሐድ 132 ግራም ጋዝ ይወጣል፤ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ሁለቱን 200፣ 200 ግራም ለሚያደርግ ደግሞ ቤኪንግ ሶዳው ቀድሞ ስለሚያልቅ ጣሪያው 105 ግራም ያህል ነው። ግፊት ስለሚፈጥር ሶሌኖይድና ኒድል ቫልቭ ሊገጠምለት፣ ማታም ሊዘጋ ይችላል። ድክመቱ በመዘጋጃው ዕቃ ላይ ነው፦ ዕቃው ቢንጋደድ ወይም ቢነቀነቅ አሲዱ በአንድ ጊዜ ሄዶ ሶዳው ላይ ይፈስና ግፊቱ ያሻቅባል። ስለዚህ ግፊት ሲያልፍ በራሱ የሚተነፍስ የደኅንነት ቫልቭ ያለው የብረት ዕቃ እንጂ የለስላሳ ጠርሙስ አልመክርም። ሲሊንደር የሚሞላ ድርጅት በአካባቢው ለሌለ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ አማራጭ የለም።

95 ግራም የሚይዙት ትናንሽ ካርትሪጆች አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሏቸው ናቸው። ንጹሕ፣ ትንሽና ለመግጠም ቀላል ናቸው፤ ነገር ግን በግራም ሲሰላ ከሁሉ የሚወደደው ጋዝ የእነርሱ ነው። እንደገና የሚሞላው ሲሊንደር ግን በተቃራኒው መነሻው ይወደድና ጋዙ ይረክሳል። ልዩነቱን በስሌት ማየት ይሻላል። ከአረፋ መቁጠሪያው የሚወጣው አረፋ 0.1 ሚሊ ሊትር ቢሆንና በሰከንድ አንድ አረፋ በቀን ለ8 ሰዓት ቢለቀቅ፣ የቀኑ ፍጆታ 2.9 ሊትር ያህል፣ በክብደት 5.2 ግራም ገደማ ይሆናል። በዚህ ፍጥነት 95 ግራሙ ካርትሪጅ በ18 ቀን፣ ባለ 500 ግራሙ ሲሊንደር በሦስት ወር፣ ባለ 2 ኪሎው ደግሞ ከአንድ ዓመት በኋላ ያልቃል። አንዳንዱ መቁጠሪያ የዚህን ግማሽ የሚያህል፣ አንዳንዱም ከዚህ የሚተልቅ አረፋ ስለሚያወጣ «በሰከንድ ይህን ያህል አረፋ» የሚል ምክር ከሌላ ሰው ገንዳ ወደ ራስ ገንዳ ተገልብጦ አይሠራም።

ሲሊንደሩ አሉሚኒየም ወይም ብረት ሊሆን ይችላል። አሉሚኒየሙ አይዝግም፣ ለመሸከምም ይቀላል፤ በሌላው ሁሉ ልዩነታቸው ከቁም ነገር አይገባም። ከዚህ ይልቅ የሚያስጨንቀው ሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው ጥርሱ ነው፦ በሰሜን አሜሪካ ሲ.ጂ.ኤ 320፣ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ዲ.አይ.ኤን 477 የሚባለው መግጠሚያ የተለመደ ሲሆን፣ የሶዳ ውሃ ማሽን ሲሊንደሮችና ካርትሪጆች ደግሞ የየራሳቸው ጥርስ ስላላቸው ሬጉሌተር ከመግዛት በፊት ሲሊንደሩን የሚሞላው ድርጅት የትኛውን እንደሚሞላ መጠየቅ ግድ ነው። ሁለተኛው በሲሊንደሩ አንገት ላይ የታተመው የፍተሻ ቀን ነው፤ በየአገሩ ሕግ መሠረት በየ5 ወይም በየ10 ዓመቱ የግፊት ፍተሻ ስለሚያስፈልገው፣ ቀኑ ያለፈበትን ሁለተኛ እጅ ሲሊንደር በርካሽ የገዛ ሰው የሚሞላለት ያጣል። ሦስተኛው የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ነው። ውስጡ እስከ ታች የሚደርስ ቱቦ ስላለው ቆሞም ቢሆን የሚያወጣው ጋዝ ሳይሆን ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹ ሬጉሌተር ውስጥ ከገባ ደግሞ መሣሪያውን ያበላሻል። ቱቦው በባለሙያ ካልወጣለት በቀር አይነካ። ተራውን ሲሊንደርም አጋድሞ መጠቀም ያው ውጤት ስላለው ሁልጊዜ ቆሞና ታስሮ ይቀመጥ።

ሬጉሌተር፦ ገንዘቡ የሚገባበት ቦታ

በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አብዛኛው ፈሳሽ ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት ከፈሳሹ በላይ ያለው ጋዝ ግፊት 57 ባር (ባር የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ገደማ ሲሆን፣ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ ከዚያ አይነቃነቅም። ስለዚህ የሲሊንደሩ ጌጅ (ግፊቱን የሚያሳየው መለኪያ) እንደ መኪና ነዳጅ መለኪያ አይደለም፤ ሲሊንደሩ ሙሉም ይሁን ሩብ የሚያሳየው ያንኑ ቁጥር ነው። መውረድ ሲጀምር ፈሳሹ አልቋል፣ የቀረው ጋዝ ብቻ ነው ማለት ነው። የቀረውን ጋዝ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ጌጁን ትቶ ሲሊንደሩን በሚዛን ይመዝን።

ነጠላ ደረጃ ሬጉሌተር ይህን 57 ባር በአንድ ጊዜ ወደ 2 ወይም 3 ባር ያወርዳል። አሠራሩ የመግቢያውን ግፊትና የስፕሪንጉን ኃይል በማመጣጠን ስለሆነ፣ የመግቢያው ግፊት ሲወድቅ የመውጫው ግፊት ተገልብጦ ከፍ ይላል። የሲሊንደሩ ፈሳሽ በሚያልቅባቸው የመጨረሻ ቀናት የሚሆነው ይኸው ነው። የሥራ ግፊቱ፣ ማለትም ከሬጉሌተሩ የሚወጣው ግፊት፣ ዝቅ ተደርጎ የተስተካከለ ከሆነ፣ ኒድል ቫልቩም ሻካራ ከሆነ፣ ጥቂት የምትመስለው ጭማሪ የአረፋውን ብዛት በግልጽ ታሳድገዋለች። ሁለት ደረጃ ያለው ሬጉሌተር ግን መጀመሪያ ግፊቱን ወደ አንድ መካከለኛ ልክ አውርዶ ከዚያ እንደገና ስለሚያወርደው፣ ሁለተኛው ደረጃ የሲሊንደሩን መውደቅ እምብዛም አያውቀውም።

ይህን ያወቅሁት ከጽሑፍ አይደለም። አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ወደ ገንዳው ቀረብ ስል አረፋው መቆጠሩ ቀርቶ እንደ ክር ተያይዞ ይወጣል፤ የጋዙን መጠን የሚያሳየው የቀለም መጠቆሚያ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ሆኗል፣ ጋዙ በዝቷል ማለት ነው፤ ዓሦቹ ሁሉ ከውሃው ጫፍ ላይ አፋቸውን ከፍተው ይጎነጫሉ። ከሁለት ቀን በፊት 57 ላይ የነበረው ጌጅ 15 ላይ ነበር። ከ12 ዓሦች 5ቱን አጣሁ። ሬጉሌተሩ አልተበላሸም ነበር፤ የተሠራበትን ብቻ ነው ያደረገው።

ታዲያ ነጠላ ደረጃ ለምን ይገዛል? ምክንያቱም ርካሽ ነው፣ ትንሽ ነው፣ በጥሩ ኒድል ቫልቭና በጥንቃቄ ከተያዘም ለዓመታት ያገለግላል። ጥንቃቄውም ሲሊንደሩን በየሁለት ሳምንቱ መዝኖ፣ ጌጁ መውረድ በጀመረበት ቀን ማውለቅ ነው። ይህን እንደማያደርግ ራሱን የሚያውቅ ሰው፣ ወይም ብዙ የሚጓዝ ሰው፣ ሁለት ደረጃውን ይግዛ።

ሲገዛ የሚታዩ ሌሎች ነገሮችም አሉ። የሥራ ግፊቱ የማይስተካከል ሬጉሌተር ከደቃቅ ሴራሚክ ማሟሚያ ጋር ሊጣላ ይችላል፤ እነዚህ ማሟሚያዎች 2 ባር ገደማ ካላገኙ አረፋ የማያወጡበት ጊዜ አለና። ሶሌኖይዱ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የሚዘጋ ዓይነት መሆን አለበት፤ ሲሠራ መሞቁ ባሕርዩ ስለሆነ አያስደነግጥም። ውሃ አጠገብ የሚኖር ዕቃ እንደመሆኑ በዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚሠራውን እመርጣለሁ። ኒድል ቫልቩ ደግሞ ተፈትሾ ይገዛ፦ እጀታው በሩብ ዙር አረፋውን ከምንም ወደ ጎርፍ የሚያሻግር ከሆነ፣ የቀረው ዕቃ ምንም ቢያምር ዋጋ የለውም።

ማሟሚያና መለኪያ

ገንዳው ውስጥ የሚሰቀለው የሴራሚክ ማሟሚያ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ከአረፋው ግን ከፊሉ ሳይሟሟ ወደ ላይ ያመልጣል፣ ሴራሚኩም በጥቂት ሳምንታት አልጌ ይለብሳል። በቀጠነ በረኪና ተነክሮ፣ ክሎሪኑ እስኪለቅ በደንብ ታጥቦ ይመለሳል። በውጭ ማጣሪያው መመለሻ ቱቦ ላይ የሚቀጠለው ማሟሚያ ከገንዳው ውስጥ ዕቃ ይቀንሳል፣ አረፋውም ደቃቅ ነው፤ ይሁን እንጂ ውሃውን እንደ ጉም የሚያለብሰው ያ ደቃቅ አረፋ የማይመቸው ሰው ብዙ ነው። ሪአክተር የሚባለው ጋዙን በረጅም ቧንቧ ውስጥ እያንከባለለ አንድ አረፋ ሳያስመልጥ ያሟማል ለማለት ያስደፍራል፤ በምላሹ የማጣሪያውን የውሃ ፍሰት ይቀንሳል፣ ቦታም ይፈልጋል። ከ200 ሊትር በላይ ለሆነ ገንዳ ሪአክተሩን፣ ከዚያ በታች ሴራሚኩን እመርጣለሁ። ቱቦው የሲሊኮን አይሁን፤ ሲሊኮን ካርቦን ዳይኦክሳይድን በግድግዳው ስለሚያሳልፍ ፖሊዩሬቴን ይሻላል።

ለመለኪያ የሚበቃው የቀለም መጠቆሚያው ነው። ውስጡ የሚሞላው የገንዳው ውሃ ሳይሆን የካርቦኔት ጥንካሬው (በውሃው የሟሟው የካርቦኔት መጠን) 4 ዲግሪ የሆነ የተዘጋጀ ፈሳሽ ብሮሞታይሞል ብሉ ከተባለ ቀለም ጋር ነው። ሰማያዊ ማነስን፣ ቢጫ መብዛትን ያሳያል፤ አረንጓዴው ፒኤች (የውሃው አሲዳማነት መለኪያ) 6.6 አካባቢ ሲሆን ከ30 ሚሊ ግራም በሊትር ጋር ይገጥማል። የሚናገረው ግን ከአንድ ሁለት ሰዓት በፊት የነበረውን ነው። ፈጣን መረጃ የሚፈልግ ሰው ፒኤች ይለካ፦ የካርቦኔት ጥንካሬው ካልተለወጠ የፒኤች በ1 መውረድ የጋዙን መጠን አሥር እጥፍ ማደግ ያመለክታል። ጋዙን በራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ የፒኤች መቆጣጠሪያ ውድ ከመሆኑም በላይ መለኪያ ዘንጉ በየጊዜው ካልተስተካከለ ስሕተቱን በልበ ሙሉነት ይፈጽማል፤ ሬጉሌተሩ ሳይሻሻል ይህን መግዛት ለእኔ ቅደም ተከተል ማዛባት ነው።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | የመጠን ቋሚነት | ማታ መዝጋት | ሲበላሽ | መነሻ ወጪ | የጋዙ ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| እርሾና ስኳር | ደካማ | አይቻልም | አብዛኛውን ጊዜ ወደ ማነስ | እጅግ ዝቅተኛ | ዝቅተኛ፣ ግን ድካም አለው |
| ሲትሪክ አሲድና ቤኪንግ ሶዳ | መካከለኛ | ይቻላል | ዕቃው ከተንጋደደ ወደ መብዛት | ዝቅተኛ | መካከለኛ |
| ባለ 95 ግራም ካርትሪጅ | ጥሩ | ሶሌኖይድ ካለው | ወደ መብዛት፣ ግን የቀረው ጋዝ ጥቂት ነው | መካከለኛ | ከሁሉ ከፍተኛ |
| የሚሞላ ሲሊንደር፣ ነጠላ ደረጃ | ጥሩ | ይቻላል | በመጨረሻው ላይ ወደ መብዛት | ከፍተኛ | ከሁሉ ዝቅተኛ |
| የሚሞላ ሲሊንደር፣ ሁለት ደረጃ | በጣም ጥሩ | ይቻላል | ወደ ማነስ | ከሁሉ ከፍተኛ | ከሁሉ ዝቅተኛ |

ለማን የትኛው?

ከ30 ሊትር የማይበልጥ ገንዳ ላለውና በጠባብ ቦታ ለሚኖር ሰው ካርትሪጁ ውድነቱ ቢኖርም ያዋጣል፤ ፍጆታው ትንሽ ነውና። በጀቱ የጠበበ፣ ገንዳው ግን ከ60 እስከ 100 ሊትር የሆነ ሰው በሲትሪክ አሲዱ ይጀምር፤ ሶሌኖይዱንና ኒድል ቫልቩን ግን ጥሩ አድርጎ፣ የሚቻል ከሆነም ወደፊት በሲሊንደር ሬጉሌተር ላይ ሊዛወሩ የሚችሉትን ይግዛ። ገንዳው ከ100 ሊትር በላይ ለሆነና ሞይ በአቅራቢያው ላለ ሰው ባለ 2 ኪሎ ሲሊንደርና ሁለት ደረጃ ሬጉሌተር ይሁን። ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃ ሲሊንደሩን ያሳንስ እንጂ ሬጉሌተሩን አያሳንስ፤ ሲሊንደር በማንኛውም ጊዜ በትልቅ ይቀየራል። ውድ ዓሣ የያዘ ሰው ደግሞ የጋዙን ግብ ከ30 ወደ 20 ሚሊ ግራም ያውርደው፤ ዕፅዋቱ ትንሽ ቢዘገዩ ነው።

ሲገጠም

በሲ.ጂ.ኤ 320 መግጠሚያ ላይ ግፊቱን የሚይዘው ጠፍጣፋው ጋስኬት ስለሆነ ጥርሱ ላይ ቴፍሎን አይጠቀለልም፤ የፕላስቲክ ጋስኬት ከሆነ ሲሊንደሩ በተቀየረ ቁጥር አዲስ ይደረግለታል። ሬጉሌተሩ በቁልፍ ጠብቆ ከታሰረ በኋላ የሲሊንደሩ ዋና ቫልቭ በዝግታ ይከፈታል፣ መጋጠሚያዎቹ ሁሉ በሳሙና አረፋ ይቀባሉ። አረፋ የሚነፋበት ቦታ ካለ ያፈሳል። አንዲት የማትታይ መፍሰሻ ዓመት ሊቆይ የሚገባውን ሲሊንደር በሳምንት ስለምትጨርስ ይህ ሥራ አይዘለል። ቼክ ቫልቩ ከአረፋ መቁጠሪያው አልፎ ወደ ገንዳው በሚሄደው ቱቦ ላይ ይግባ፤ ፕላስቲኩ ከጊዜ በኋላ ስለሚደክም የነሐሱ ይሻላል።

ሲሊንደሩ መኝታ ክፍል የሚቀመጥ ከሆነ ይህን ስሌት ማወቅ ይገባል፦ 2 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ጋዝ ሲለወጥ 1,100 ሊትር ያህል ይሆናል። ቁመቱ 2.5 ሜትር፣ ጎኖቹ 3 ሜትር በ3 ሜትር በሆነ ዝግ ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ ቢለቀቅ ከአየሩ 5 በመቶ ገደማ ይይዛል፤ በብዙ አገር ለ8 ሰዓት ሥራ የሚፈቀደው ጣሪያ ግን 0.5 በመቶ ነው። በሳምንት የሚያልቅ ቀስተኛ መፍሰስ ይህን አያደርስም፣ ድንገት የሚፈነዳ ወይም የሚሰበር ቫልቭ ግን ያደርሳል። ስለዚህ ሲሊንደሩ እንዳይወድቅ ይታሰር፣ ከፀሐይና ከማሞቂያም ይራቅ።

የመጀመሪያው ቀን ሰው ቤት የሚውልበት ቀን ይሁን። ሶሌኖይዱ የገንዳው መብራት ከመከፈቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ቀድሞ እንዲከፈት፣ ከመጥፋቱ አንድ ሰዓት ቀድሞ እንዲዘጋ ታይመሩ ይሞላ። በሁለት ሰከንድ አንድ አረፋ ተጀምሮ፣ የቀለም መጠቆሚያው እየታየ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ብቻ ይጨመር። የውሃው ገጽ እንዳይረጋ በማጣሪያው ፍሰት ይነቃነቅ፤ ጥቂት ጋዝ ቢያመልጥም ኦክስጅኑ ይገባል። ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው መጎንጨት ከጀመሩ የሲሊንደሩ ዋና ቫልቭ ወዲያውኑ ይዘጋ፣ የአየር ፓምፕ ይከፈት፣ የገንዳው ውሃ ግማሽ ያህሉ ክሎሪን በሌለው ውሃ ይለወጥ፤ ኒድል ቫልቩ የሚነካውም ዓሦቹ ወደ ታች ተመልሰው ሲዋኙ ነው።